ከማንደጃው እስከ ደም፦ በጅማ የሰውነትን ኦክሲጅን በዕለት ልማድ መጠበቅ

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ የኦክሲጅን ድርሻ በጅማም ሆነ በጂቡቲ ወደብ ያው 21 በመቶ ያህል ነው፤ ሆኖም ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባችን የሚገባው ኦክሲጅን ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ይህ ጤነኛ ሰውን የሚያሰጋ አይደለም። እዚህ የሚኖር ሰው ሰውነቱ ከአየሩ ጋር ተስማምቷል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከአዲስ አበባ ለሚመጣ እንግዳም ጅማ ቆላ ቢጤ ናት። በጅማ የሚኖር ሰው ኦክሲጅን የሚያጥረው በአብዛኛው ቤት ውስጥ በሚታፈን ጭስ፣ በደም ማነስ፣ ወይም በሳንባና በልብ ሕመም ምክንያት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቤታችን ልማድ በእጅጉ የሚወሰኑ በመሆናቸው፣ ይህ ጽሑፍ ሰፊውን ቦታ የሚሰጠው ለእነርሱ ነው።

ኦክሲጅን የሚሄድበትን መንገድ በአጭሩ ማወቅ የሚመከረው ልማድ ለምን እንደሚጠቅም ለመረዳት ያግዛል። ወደ ውስጥ የሳብነው አየር በመተንፈሻ ቱቦ አልፎ በሳንባ ውስጥ ወዳሉት እጅግ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ይደርሳል፤ እዚያም ኦክሲጅኑ ስሱን የከረጢቶቹን ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ይሻገራል። በደም ውስጥ የሚጓዘውን ኦክሲጅን ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚሸከመው ለደም ቀይ ቀለሙን የሚሰጠው ሄሞግሎቢን ሲሆን፣ አንዱ ሄሞግሎቢን በውስጡ ባለው ብረት አማካይነት አራት የኦክሲጅን ሞለኪውሎችን ይይዛል። ሄሞግሎቢን ያነሰው ደም ወንበር እንደጎደለው ሚኒባስ ነው፤ መናኸሪያው በተሳፋሪ ቢሞላም የሚጓዘው በወንበሩ ልክ ብቻ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ደግሞ ከሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክሲጅን በ200 እጥፍና ከዚያ በላይ ስለሚበልጥ፣ ወንበሩን ቀድሞ ይይዝና ለሰዓታት አይወርድም።

ከሰል፣ ቡናና የተዘጋ ክፍል

በጅማ ቡና የማይፈላበት ቤት ማግኘት ከባድ ነው፤ ቡና በሚፈላበት በአብዛኛው ቤት ደግሞ ከሰል አለ። ስለዚህ ማንኛውም ቤተሰብ ጥንቃቄውን ከማንደጃው እንዲጀምር አጥብቄ እመክራለሁ። ብዙ ጠንቃቃ እናቶች ከሰሉን ደጅ ላይ አቀጣጥለው፣ በማራገቢያ አራግበው፣ ጥቁሩ ጭስ አልቆ ፍሙ ነጭ አመድ ከለበሰ በኋላ ብቻ ወደ ቤት ያስገቡታል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ዓይን የሚያቃጥለውንና ጉሮሮ የሚከረክረውን ጭስ ከቤት ያስቀራል። ነገር ግን ከዚህ ልማድ ጋር አንድ አደገኛ እምነት አብሮ ገብቷል፤ እርሱም «ጭሱ ካለቀ ጉዳቱም አልቋል» የሚለው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይንም አያቃጥልም፤ ምንም ጭስ የማይታይበት የቀላ ፍም ሳይቀር በብዛት ያወጣዋል። በክፍሉ ውስጥ ጭስ አለመኖሩ፣ ክፍሉ ከዚህ ጋዝ ነጻ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ ቡናው ከተቻለ በረንዳ ላይ ይፈላ። ዝናቡ አስቸግሮ ቤት ውስጥ መሆን ካለበት፣ ማንደጃው በርና መስኮት በሚተያዩበት መስመር ላይ ይቀመጥ፤ ሁለቱም ከአቦሉ ጀምሮ በረካው እስኪጠጣ ድረስ ክፍት ይሁኑ። በሩን ገርበብ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ክፍሉ የሚጸዳው አየር በአንዱ ወገን ገብቶ በሌላው ሲወጣ ነው። ብዙ የኪራይ ክፍሎች፣ በተለይም ተማሪዎችና አዲስ ሠራተኞች የሚከራዩዋቸው፣ በአንድ ወገን ብቻ አንድ በርና አንድ ትንሽ መስኮት ነው ያላቸው። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ከሰል ጨርሶ ባይገባ ይሻላል፤ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለጀበና በቂ ነው። ቡናው ካለቀ በኋላም ማንደጃውን ጥግ ላይ ትቶ መተኛት ፈጽሞ አይገባም፤ የቀረው ፍም ወደ ውጭ ወጥቶ በውኃ ወይም በአመድ መጥፋት አለበት። የዕጣኑ ጭስም ቢሆን ለሳንባ ጭስ ነው፤ ማዕረጉ እንዳይቀር ጥቂት ፍንጣሪ ጣል ማድረግ ይበቃል፤ አስም ያለበት ሰው ወይም ጨቅላ ሕፃን ካለ ግን ያለ ዕጣን የሚጠጣ ቡና ክብሩ አይጎድልም።

አደጋው የሚበረታው በክረምት ነው። የጅማ ዝናብ ረጅምና ብዙ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ልብስም ቶሎ አይደርቅም። በዚህ ጊዜ ማንደጃውን ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት፣ የበሩን ሥር በጨርቅ መድፈንና እንደዚያው ተኝቶ ማደር ሰውን ከነቤተሰቡ ሊያሳጣ ይችላል፤ የተኛ ሰው ጋዙ ሲያደክመው ስለማይሰማው ተነሥቶ በር አይከፍትም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ አራስ ቤት ነው። እናቲቱን ብርድ እንዳይመታት ተብሎ መስኮቱ ይዘጋል፣ መጋረጃ ይደረባል፣ ከሰሉ ቀኑን ሙሉ ሲነድ ይውላል፤ ጠያቂ በመጣ ቁጥርም ቡናው እዚያው ይፈላል። በወሊድ ጊዜ ደም የፈሰሳት እናትና ገና መተንፈስ የጀመረ ሕፃን ከማንም በላይ ንጹሕ አየር የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ሲሆኑ፣ በቤቱ ውስጥ የከፋውን አየር የሚተነፍሱት እነርሱ ይሆናሉ። አራሷን በጋቢና በብርድ ልብስ ማሞቅ፣ ሕፃኑን ኮፍያ አድርጎ በእናቱ ገላ ላይ ማቀፍ፣ ገንፎውንና ቡናውን በሌላ ክፍል ወይም ደጅ ላይ ሠርቶ ማስገባት፣ መስኮቱንም ንፋሱ በቀጥታ አልጋው ላይ እንዳይመጣ አድርጎ መክፈት ይቻላል። አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ሊያደርገው የሚችለው አንድ በጎ ነገር ማንደጃውን ይዞ መውጣት ነው።

ከሰል ባለበት ክፍል ውስጥ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ያልተለመደ ድብታ የጀመረው ሰው ካለ፣ በተለይም በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ ከታመመ፣ ምክንያቱን ከምግብ ከመፈለግ በፊት ሁሉንም ሰው ወደ ውጭ ማውጣት ይገባል። ወተትም ሆነ ሎሚ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከደም አያወጣም። በንጹሕ አየር ውስጥ የጋዙ መጠን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ በሐኪም ቤት በጭንብል በሚሰጥ ኦክሲጅን ግን ይህ ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ስለሆነም ራሱን የሳተ ወይም የተምታታበት ሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሴት፣ «ነፍስ ዘርተዋል» ተብሎ ቤት መቆየት የለባቸውም፤ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጀነሬተርም ይህንኑ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ በሱቅ ውስጥ ወይም መስኮት ሥር ሊቀመጥ አይገባም።

በማዕድ ቤት በኩል ትልቁ ጉዳይ እንጀራ መጋገር ነው። የሚቻለው ሰው በኤሌክትሪክ ምጣድ ቢጋግር የጭሱን ነገር ይገላገለዋል። በማገዶ ለሚጋግር ደግሞ እሳቱን ዙሪያውን የሚከድነው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶም ይቆጥባል፣ ጭስም ይቀንሳል። ማገዶው አስቀድሞ ተፈልጦ ከዝናብ በተጠለለ ስፍራ መድረቅ አለበት፤ እርጥብ እንጨት በዓይን የሚታወቅ ጭስ የሚያወጣው ሙቀቱ ውኃውን በማትነን ስለሚያልቅና እንጨቱ በደንብ ስለማይነድ ነው። ልጅ አዝሎ መጋገርን ግን በማናቸውም ምድጃ ላይ ማስቀረት ይገባል፤ የሕፃኑ አፍንጫ ከእናቱ ትከሻ ላይ፣ ጭሱ በሚወጣበት ከፍታ ላይ ነው ያለው።

ሲጋራን በተመለከተ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን በቀጥታ ወደ ሳንባ የሚያስገባ ልማድ ስለሆነ፣ ማቆም ብቻውን በቀናት ውስጥ የደሙን ኦክሲጅን የመሸከም አቅም ያሻሽላል። ሺሻ በውኃ ስለሚያልፍ ጉዳቱ ይቀንሳል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ውኃው ካርቦን ሞኖክሳይድን አያስቀረውም፣ ከላይ የሚቀመጠው ከሰልም የራሱን ይጨምራል። መስኮት ተዘግቶ፣ ከሰል ተቀምጦ፣ ሲጋራ እየተጨሰ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በሚቃምበት ክፍል ውስጥ ደግሞ የማያጨሰው ሰው ሳይቀር የሁሉንም ድርሻ ሲተነፍስ ይውላል።

ደም የሚሸከመውን እንዲሸከም

ጥሩ አየር ተንፍሶ ደሙ ያነሰው ሰው ያው ይደክመዋል። ደረጃ ወይም ዳገት ሲወጣ ቶሎ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ልቡ የሚመታበት፣ የታችኛው የዓይኑ ቆብ ውስጡ የገረጣ ሰው ደሙን መመርመር አለበት። ይህን ስል የብረት እንክብል ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥን አይደለም፤ ደም የሚያንስበት ምክንያት ብዙ ስለሆነ ምክንያቱ መታወቅ ይኖርበታል። በእኛ አካባቢ ወባና የአንጀት ትላትሎች ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። በተለይ በባዶ እግር በኩል የሚገባው መንጠቆ ትል አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ስለሚመጥ፣ ለልጆች ጫማ ማድረግ፣ በአጎበር ሥር ማስተኛትና በትምህርት ቤት የሚሰጠውን የትላትል መድኃኒት አለማስቀረት በቀጥታ የደም፣ በደምም በኩል የኦክሲጅን ጉዳይ ነው።

የምግቡን ነገር በሚመለከት በጅማ ቤት ሁሉ ሊታረም የሚችለው ትልቁ ልማድ የቡናው ሰዓት ነው። ቡና በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከጎመን የምናገኘውን ብረት አንጀት ውስጥ ስለሚይዙት ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል፤ ሻይ በዚህ ረገድ ከቡናም ይብሳል። ከምሳ በኋላ ገበታው ሳይነሣ ስኒው የሚቀርብበት ቤት ጥሩ ምስር በልቶ የምስሩን ብረት ያባክናል። ቡናን መተው አያስፈልግም፤ ሰዓቱን ማዛወር ይበቃል። ከምግብ በፊት ከሆነ አንድ ሰዓት ቀደም ማድረግ፣ ከምግብ በኋላ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል መቆየት ይመረጣል፤ ምክንያቱም ምግቡ ገና ሆድ ውስጥ ስላለ ከበሉ በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ መጠበቅ በቂ ላይሆን ይችላል። በረመዷንም ካፈጠሩ በኋላ ወዲያው ቡና ከማቅረብ ይልቅ ከተራዊሕ በኋላ ማድረግ ለጾመኛው ደም ይበጃል። ለትንንሽ ልጆች ሻይ ከዳቦ ጋር ቁርስ አድርጎ መስጠት ደግሞ ቢቀር ይሻላል።

ብረት በቀላሉ ወደ ደም የሚገባው ከሥጋና ከጉበት ነው፤ ጉበት ጥቂት መጠን እንኳ ብዙ ይሰጣል፤ ነፍሰ ጡሮች ግን ጉበት በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ስለሆነ አዘውትረው ባይበሉት ይመረጣል። ሥጋ በየቀኑ ለማይገዛ ወይም በጾም ላይ ላለ ቤተሰብ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጎመንና ጤፍ አሉ፤ የእነዚህ ብረት በራሱ ቶሎ የማይመጠጥ ስለሆነ ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር አብሮ መቅረብ አለበት። በምስር ወጥ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ከሽሮ ጋር ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም ማቅረብ፣ ከበሉ በኋላ ዘይቱን፣ ፓፓያ ወይም ብርቱካን መብላት ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ጎመን ለረጅም ሰዓት ሲቀቀል ቫይታሚን ሲው ስለሚጠፋ ቶሎ ማውጣት ይገባል። ሊጡ በደንብ ቦክቶ የተጋገረ እንጀራም ካልቦካ ቂጣ ይልቅ ብረቱን ለሰውነት ይለቃል፤ መቡካቱ በእህሉ ውስጥ ያለውንና ብረትን አስሮ የሚይዘውን አሲድ ይቀንሰዋልና። ነፍሰ ጡር እናቶች በክትትል ወቅት ከጤና ጣቢያ የሚሰጣቸውን የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብል በውኃ እንጂ በቡና ወይም በሻይ ሊውጡት አይገባም።

እንቅስቃሴና አተነፋፈስ

የአካል እንቅስቃሴ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለውን የኦክሲጅን መጠን በቁጥር ከፍ አያደርገውም፤ የሚለውጠው አጠቃቀሙን ነው። አዘውትሮ የሚራመድ ሰው ልቡ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይጨምራል፣ በጡንቻው ውስጥ የጥቃቅን የደም ሥሮች ቁጥር ይበዛል፤ በዚህም ምክንያት ያው ኦክሲጅን ብዙ ሥራ ይሠራለታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴን ይመክራል። በባጃጅ የምንሄደውን አጭር መንገድ ጧትና ማታ በእግር ማድረግ ይህን ይሞላል። ጠንከር ያለ ለሚፈልግ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ጅሬን የሚወጣው ዳገት አለ። ልኩን ለማወቅ አብሮ የሚሄድን ሰው ማነጋገር በቂ ነው፤ እየተራመዱ ማውራት ከቻሉና መዝፈን ካቃተዎት መካከለኛ ነው፤ ሁለት ቃል ተናግሮ የሚያለከልክ ሰው ፍጥነቱን ይቀንስ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

አተነፋፈስን በተመለከተ ጥቅሙ የተረጋገጠው ትምህርት ቀላል ነው። ቀጥ ብለው ተቀምጠው አንድ እጅዎን ሆድዎ ላይ ያድርጉ፤ በአፍንጫዎ ቀስ ብለው አየር ሲስቡ እጅዎ ወደ ፊት ይግፋ፣ ከዚያም ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ከንፈርዎን አሹለው ከሳቡበት ጊዜ እጥፍ በሚሆን ጊዜ አየሩን ያውጡ። ይህ በተለይ አስም ወይም የቆየ የሳንባ ሕመም ላለባቸው ሰዎች በሳንባ ውስጥ የታሰረውን አየር ስለሚያስወጣ ትንፋሽ ሲያጥር ያረጋጋል። በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ጎንበስ ብሎ ረጅም ሰዓት የሚሠራ ሰውም በየመሐሉ ተነሥቶ ደረቱን ዘርጋ ቢያደርግ ሳንባው ሙሉ ስፍራውን ያገኛል። ሲተኛ በኃይል የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቁርጥ እያለ የሚመለስ፣ ቀንም እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ሌሊት ኦክሲጅኑ እየወረደ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት፤ እስከዚያው በጎን መተኛት ይረዳዋል።

በቤት ውስጥ አበባ መትከል ለዓይን ደስ ይላል፤ ሆኖም ጥቂት ማሰሮ ተክል የሚሰጠው ኦክሲጅን ከመስኮት ከሚገባው አየር ጋር የሚወዳደር አይደለም። ውኃ በብዛት መጠጣትም ለሌላ ይጠቅማል እንጂ ሳንባን ተክቶ ኦክሲጅን አያስገባም።

መለኪያውና መቼ መሄድ እንደሚገባ

ጣት ላይ የሚቆነጠጠው ፐልስ ኦክሲሜትር ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ እ.ኤ.አ. በ1974 መሠረቱን የጣለው መሣሪያ ሲሆን፣ ዛሬ በብዙ መድኃኒት ቤቶች ይገኛል። በብርሃን የሚለካ በመሆኑ የጥፍር ቀለምና ሂና ያሳስተዋል፤ የቀዘቀዘ ጣትም እንዲሁ። አምስት ደቂቃ ዐርፈው፣ እጅዎን አሙቀው፣ ቀለም በሌለው ጣት ላይ አድርገው ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቁ። በጅማ ከፍታ ጤነኛ ሰው ላይ 94 ወይም 95 ቢታይ አያስደነግጥም፤ ከ90 እስከ 93 ሆኖ ከቆየ ጤና ባለሙያ ሊያየው ይገባል፤ ከ90 በታች ከሆነ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ሦስት ነገር አይርሱ፤ መሣሪያው በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው መጠን ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ በከሰል የታፈነን ሰው ጤነኛ አስመስሎ ያሳያል፤ ደም ማነስንም አይለይም። ሰውየው እየታመመ ቁጥሩ ጥሩ ከሆነ የሚታመነው ሕመሙ ነው።

ቁጥር ሳያስፈልግ በዓይን የሚታዩ ምልክቶችም አሉ፤ የከንፈር ውስጥ፣ ድድና ምላስ ሰማያዊ ወይም አመድማ መሆን፣ አረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ ድንገተኛ መምታታት። በሕፃናት ላይ ሲተነፍሱ የታችኛው ደረት ወደ ውስጥ መግባት አደገኛ ነው። ሕፃኑ ሳያለቅስ ደረቱን ገልጠው ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ከ2 ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 11 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ስለሆነ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መድረስ አለበት። ሕመሙ ለከፋበት ሰው ኦክሲጅን ያለው ሐኪም ቤት፣ እንደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ያለ፣ ይመረጣል። በመንገድ ላይ በሽተኛውን በጀርባው አታስተኙት፤ ባጃጅም ሆነ አምቡላንስ ውስጥ ቀና ብሎ፣ ጥቂት ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይቀመጥ፣ አንገቱ ላይ ያለው ነጠላ ወይም ሻሽ ይፈታ፣ ከሁለት በላይ አስታማሚም አይጫን፤ አየሩ ለእርሱ ይቅርለት።